ሐኪም የለም ያልኩት እኔ ነኝ

ለንስሐ አባቴ ስንቱን ስናዘዝ ይህችን ግን ሁልጊዜ ዘልዬያት አልፋለሁ። ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። የምታነቡኝ ስለማታውቁኝ ይሆናል፣ ዛሬ ደፈርኩ። በእህቴ ላይ የሐኪሙን በር የቆለፍኩባት እኔ ነኝ።

ታናሽ እህቴ ጫልቱ እንቅልፍ አጥታ ከማይታይ ሰው ጋር ማውራት ስትጀምር፣ እኔ ሁሩሙ ላይ ማር እነግድ ነበር። ቡሬ፣ ላገባት የምፈልጋት ሌንሴ ቤት፣ ሽማግሌ ልኬ መልስ እጠብቃለሁ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ልጅ ከመሰጠቷ በፊት ዘር ይጠየቃል፤ «ከቤታቸው ያበደ አለ ወይ?» ይባላል። እማዬ ጫልቱን ይዛ ጸበሉን ሁሉ አዳርሳ ሲታክታት፣ «መቱ የአእምሮ ሐኪም አለ ይላሉ፤ እስቲ ሄደህ አጣራልኝ» አለችኝ።

ሄድኩ። የአእምሮ ሐኪም ማለት ለእኔ ሰው የሚያስር፣ በመርፌ የሚያፈዝ ነበር። ዘበኛው ክፍሉን አሳየኝ። በሩ ክፍት ነው፤ ሐኪሙ አገጩን በእጁ ደግፎ አንዲት እናት የምትለውን ይሰማል። ውጭ አግዳሚው ላይ ግን የሌንሴ አጎት ጋሽ ተሬሳ ከታመመ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ያዩኝ አልመሰለኝም። እየሮጥኩ ሚኒባስ ገባሁ።

እማዬን ምን አልኳት? «ሐኪም የለም፤ ያለው አዲስ አበባ ነው» አልኳት። አመነችኝ። እንዳመነችኝም ሞተች። ጫልቱን ማር የምናከማችበት ጓዳ አስገብቼ ቆለፍኩ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «ጎሬ፣ አክስቷ ዘንድ ናት» አልኩ። ሁለት ክረምት አለፈ። በሩን ስትደበድብ እሰማለሁ፤ እየሰማሁ ማሬን እመዝናለሁ። እንዲህ ያለው ወንድም ምን ይባላል?

ሌንሴን ሰጡኝ። ቤቴ በገባች በሳምንቷ የጓዳውን ድብደባ ሰማች። አልጮኸችም፤ ቁልፉን ጠየቀችኝ።

«አጎቴ ሐኪሙ ደጃፍ አይተውህ ነበር እኮ» አለችኝ። «ቤተሰቤ ሲያመነታ፣ ‹ይህ ልጅ በሽተኛውን አይደብቅም፣ ስጡት› ያሉት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ምነው?»

«ያን ቀን ሐኪሙ አልነበረም» አልኩ።

«ሌላ ቀንስ?»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት።

በማግሥቱ ሌንሴ ጫልቱን ይዛ፣ እኔን አስከትላ መቱ ገባች። ሐኪሙ ወደ ጫልቱ ዘንበል ብሎ በኦሮምኛ፣ ያውም በአንቱታ፣ «አካም ቡልታኒ?» አላት፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። ማን እንዴት አደርሽ ብሏት ያውቅ ነበር? ልመልስላት ስል በእጁ ገታኝና ጠበቃት። ብዙ ጠበቃት። ስለ እንቅልፏ፣ ስለምትሰማው ድምፅ ጠየቃት፤ ሌላ ሕመም እንዳይኖርባት ደሟን አስመረመረ፤ ክኒን አዘዘላት፣ ቀጠሮ ሰጣት። ሌንሴ ስለ ጸበሉ ስትጠይቀው፣ «ጸበሉንም ይጠጡ፣ ክኒኑንም ይዋጡ፤ ሲሻልዎት ግን እንዳያቋርጡ» አለ ለጫልቱ። ሥራው ይኸው ነው። ገመድ የለ፣ ጩኸት የለ። የዚያን ሰው ትዕግሥት እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የከለከልኳት ይህንን ነበር።

ወዲያው አልዳነችም፤ መድኃኒቱም ተቀያየረ። ዛሬ ግን በገበያ ቀን ማሩን የምትሸጠው እሷ ናት። የታመመ ያለበት ሰው ሲያማክራት አታፍርም፤ መንገዱን ትነግራለች፣ አንዳንዴም ራሷ ትወስዳለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ከሌንሴ የሰማችውን ይዛ፣ «ሐኪሙን መጀመሪያ ፈልጎ ያገኘልኝ ወንድሜ ነው» ትላለች። ሰዎቹም ይመርቁኛል። አሜን እላለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ የደበቅኩት መድኃኒቱን ነው። ፈርቼ ነው አልልም፤ እሷም በጨለማው ጓዳ ፈርታ ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬያት ስሄድ፣ ሌንሴም ባለችበት፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን እነግራታለሁ። ጫልቱ፣ ያን ቀን ሐኪሙ ነበረ። በሩም ክፍት ነበር።