ከሳሎን አልወጣም ያልኩበት ቀን

ዓረብ አገር በምሠራበት ቤት ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ያለው ጊዜ የፊልም ነው። የምንከባከባቸው አሮጊት የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ይወዳሉ፤ ያውም ሰው ተገድሎ ገዳዩ የሚፈለግበትን። ከታች የሚያልፈውን የዓረብኛ ጽሑፍ ዓይናቸው ስለማይለይላቸው የማነብላቸው እኔ ነኝ። ሸዋ ሮቢት በልጅነቴ የቀራሁት ቁርኣን ለዚህ ይውላል ብዬ አስቤ አላውቅም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የገዳይና የሟች ወሬ ጮክ ብሎ ማንበቡ መጀመሪያ ላይ ይከብደኝ ነበር።

አንድ ቀን በፊልሙ ውስጥ የግብፅ ነጋዴ የሆነ ሰው መጣ። አሮጊቷ ተናደዱ። ይሄ የኛ ሰው አይደለም፣ ፈረንጅ ነው፣ ፊቱን ቀብተውት ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቀለሙ አንገቱ ጋ ሲደርስ ያልቅ ነበር። ወዲያው ጥቁሯ አገልጋይ ሻይ ይዛ ገባች። በነዚያ ፊልሞች እኔን የምትመስል ሰው ሥራዋ ይኸው ነው፤ በር ትከፍታለች፣ ትሪ ታስቀምጣለች፣ ትወጣለች። መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ አንድ በአንድ ሲጠይቅ እሷ የለችም።

"ሲገቡ ሲወጡ ያየቻቸው እሷ ናት፤ ለምን አይጠይቋትም?" አልኩ።

"እሷ እኮ ሠራተኛ ናት" አሉኝ። "ይልቅ አንብቢልኝ።"

አባቴ በሱ ልጅነት ስለነበረው አውጫጭኝ ያጫውተን ነበር። በሬ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ባለመሬቱም ጭሰኛውም በየተራው ይጠየቃል። ሳይጠየቅ ተነሥቶ የሄደ ሰው ዕድሜ ልኩን ሌባ እንደተባለ ይኖራል። ተራው ሳይደርስ የሚቀባጥርም አይታመንም።

ያን ፊልም ካየን ከሁለት ሳምንት በኋላ የአሮጊቷ የወርቅ አምባር ጠፋ። ማዳም የምላት ልጃቸው ወንድሞቿን ጠራች፤ ሁሉም ሳሎን ተቀመጡ። ሻይ አቀረብኩና በሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። አሮጊቷ ለሰላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ አምባራቸውን እያወለቁ መድኃኒት የሚያኖሩበት ቦርሳ ውስጥ ሲከቱ ደጋግሜ አይቻለሁ። ተራዬ ሲደርስ ይህንኑ ልናገር አስቤ ነበር።

ማዳም ወደ ኩሽና ሂጂ አለችኝ። አልተነሣሁም።

"እስክጠየቅ እዚሁ እሆናለሁ" አልኩ።

ታናሽ ወንድሟ ሳቀ፤ ይቺ ፊልም አብዝታለች አለ። ማዳም ግን አልሳቀችም። የሚሉትን ልሰማ የተቀመጥኩ መሰላት። ንጹሕ ሰው ሄዶ ሥራውን ይሠራል አለችና ክንዴን ይዛ አስነሣችኝ። ሻንጣዬን ሲበረብሩ፣ መስገጃዬን ሲያራግፉ ኩሽና ቆሜ ሰማሁ። የቦርሳውን ነገር ልንገራቸው ብዬ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ራሷ ደብቃ ራሷ አወጣች ቢሉኝስ?

በሦስተኛው ቀን አምባሩን አሮጊቷ ክንድ ላይ አየሁት። ከየት እንደተገኘ የነገረኝ የለም። ቴሌቪዥኑን አስከፈቱኝ፤ ዓይን ዓይኔን ሳያዩ አንብቢ አሉኝ። አነበብኩ።

ጁምዓ ለት አባቴ ደወለ። ስለ ቆላው ሙቀት፣ ዝናብ ስላበላሸው ሽንኩርት አወራኝ። የአምባሩን ነገር እዚህ ካለች የሰፈራችን ልጅ ሰምቶ ኖሯል።

"ለመሆኑ ተጠየቅሽ ወይ ልጄ?" አለኝ።

አባቴን መዋሸት አልችልም። "አምባሩ ተገኝቷል፣ አልሐምዱሊላህ" አልኩት።

ከኋላው የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

"እሱን አልጠየቅኩሽም" አለኝ።

የዐስር አዛን ሲጀምር፣ ልስገድ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።