ደመላሽ አርፏል

ዲላ ውስጥ “ደመላሽ ሲያማ እንኳ ይጮሃል” ይባላል። እውነት ነው። በጆሮው የነገሩትን ሚስጥር ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ነው መልሶ የሚያወራው። ጠብ ወዶ አይደለም፤ ጆሮውን የበላችው መኪናው ናት። አሮጌ ፒካፕ ናት። ቬንትሌተሯ፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ማለቴ ነው፣ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ከቀረ ቆየ፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር አብሮ ያጓራል። ዳገት ላይማ እንደ ወፍጮ ቤት ነች። እኔ ከፍያለው መካኒኩ “ደሜ፣ ይሄን ነገር እናስተካክለው” ብዬ ስንቴ ለመንኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ። በኋላ ሳስበው፣ አልሰማኝም ይሆናል።

ሥራው ቡና መጫን ነው። በለቀማ ወቅት በየቀኑ ከዲላ ተነስቶ፣ ይርጋጨፌን አልፎ ኮንጋ ይወጣል፤ የገበሬውን እሸት ቡና ከየመንገዱ ዳር ጭኖ ማጠቢያ ጣቢያ ያደርሳል። እሸት ቡና ትዕግሥት የለውም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይኮመጥጣል፤ ካደረማ ለጀንፈል ነው፣ እንዲሁ ከነልጣጩ ደርቆ በርካሽ ይሄዳል። “የኮንጋን ቡና አሳድሬ አላውቅም” ይላል ደመላሽ በዚያ ድምፁ። ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም። ኮንጋዎችም ከታች ከመታጠፊያው መኪናዋን ሲሰሟት ነው ጆንያቸውን ተሸክመው ወደ መንገድ የሚወጡት። የሚደውል ሰው የለም፤ ጩኸቷ ይበቃል።

ዘንድሮ ለቀማው በደራበት ሰሞን አንድ ቀን በጠዋቱ የቬንትሌተሩ አንድ ክንፍ ዳገት ላይ ተሰብሮ ተፈናጠረና ራዲያተሩን ቀደደው። መኪናዋ ተጎትታ እኔ ጋ ገባች። ራዲያተሩ ተበየደ፤ ቬንትሌተሩ ግን ዲላም ሐዋሳም በስልክ ተፈልጎ ታጣ። ከተጋጨ የቤት መኪና የፈታሁት፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር ደህና ቬንትሌተር ነበረኝ። እሱን ልግጠምልህ አልኩት።

“በባትሪ የሚዞር?” አለ። “ሞተሩ እየሠራ እሱ ዝም ቢልስ?”

“ውሃው ሲሞቅ ራሱ ይነሳል፣ ሲበርድ ራሱ ይቆማል። ዝም ማለትም ሥራው ነው።”

“ዝም የሚል ነገር አላምንም” አለኝ። ምን ያድርግ፣ ዝም የሚል ነገር መቼ ያውቃል።

ያስጨነቀው ግን ቬንትሌተሩ አልነበረም። አዲስ አይሱዙ ያለው አንድ ሰው ኮንጋ ላይ ማንዣበብ ጀምሯል። “እኔ እዚህ ስቀመጥ እሱ ይጭናል” አለኝ። “ገበሬው ምን ያድርግ፣ ቡናው ይበላሽበት? ኮንጋ ከሄደብኝ ደግሞ እኔ ምን አለኝ፣ ከፍዬ?” ፈርቷል። እኔም አንጀቴን በላው፤ ሌላውን ሥራ ትቼ እሷን ያዝኩ።

መከራ ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። የተበየደው ራዲያተር የታጠበበትን ውሃ ወደ ባልዲ ሳወርድ “እስቲ ልይ” ብሎ ሲያጎነብስ ስልኩ ከሸሚዝ ኪሱ ሾልኮ ባልዲው ውስጥ ገባ። አወጣነው፤ ግን አለቀለት። ያኔ ተስፋ ቆርጦ ግቢው ውስጥ ካለው አቮካዶ ሥር ሄደ፤ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቦ ተኛ። ከኮንጋ በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልሰው ቶሌራ ጎማ ሊያስነፋ ገብቶ ነበር፤ እዚያ ተጋድሞ አየው። “ተወው፣ እንዳትቀሰቅሰው” አልኩት። ጎማውን አስነፍቶ ሄደ።

የድሮውን ፈታሁና አዲሱን ከራዲያተሩ ጀርባ አሰርኩ፤ ሽቦውን በፊውዝ አሳልፌ ከባትሪው ጋር አገናኘሁት። ዞረ። ደመላሽ ተነስቶ ከፊቷ ቆመና “ይሄ ነገር ፊቴ ላይ ይተነፍሳል” አለ። ለካ ሽቦውን ገልብጬዋለሁ፤ ንፋሱን ወደ ውስጥ መሳብ ሲገባው ወደ ውጭ ይገፋል። አዟዙሬ አሰርኩት። ቁራጭ ጋዜጣ ከራዲያተሩ ፊት ባስጠጋ ጋዜጣው ተስቦ ልጥፍ አለ። አሁን ተሠራ ማለት ይሄ ነው።

በማግስቱ ጠዋት “አብረኸኝ ውጣ፤ ከፈላች አንተ ነህ የምትገፋት” አለኝ። ወጣሁ። ዳገቱን ስንይዝ ዓይኔን ከሙቀት መለኪያው ላይ አልነቀልኩም፤ መሐል ላይ ደርሶ ቀጥ። በዚያች መኪና ውስጥ የወፍ ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደመላሽ ግን እንደ ልማዱ “ይሠራል ወይ?” እያለ ይጮህብኛል። “ይሠራል፣ አጠገብህ ነኝ” እለዋለሁ።

ከመታጠፊያው ላይ ሰው የለም። ቀጥሎ ካለው ደጅም የለም። የለቀማ ወቅት ሆኖ ሳለ መንገዱ ባዶ ነው። ደመላሽ መኪናዋን አቆመ።

“ወሰዳቸው” አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ደመላሽን ቀስ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

“እስቲ እትዬ አመለወርቅ ጋ እንሂድ” አልኩት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቡናቸውን ራሳቸው የሚያስለቅሙ ሴት ናቸው፤ ከደንበኞቹም የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። ደጃቸው ስንደርስ አጥሩ ሥር ጆንያ ተቆልሏል። ከእንሰቱ ሥር ደግሞ የኮንጋ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

“ማን ሞተ?” አለ ደመላሽ፣ በለመደው ድምፁ።

ሰዉ ቀና አለና ሁሉም በአንዴ ተነሳ። አንዱ እያማተበ ወደ ኋላ ሸሸ። እትዬ አመለወርቅ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ለብሰው ከቤት ወጡ፤ ቆመው ብዙ አዩት።

“አንተ ሞተሃል እኮ” አሉት።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። ቶሌራ ትናንት “ደመላሽ የት ጠፋ?” ሲሉት “ዲላ ጋራዥ ነው፤ አርፏል። ተሸፍኖ በዓይኔ አየሁት” ብሏቸው ሄዷል። ስልኩ ላይ ቢደውሉ አይሠራም። ጠዋት መኪናዋን ቢጠብቁ ድምፅ የለም። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልጉ ነው የደረስነው። ይሄኔ ቶሌራ ራሱ ከኋላችን በሞተሩ ከች አለ። እኔ ነኝ የጮህኩበት።

“አንተ ሰው፣ አርፏል ማለት ሞቷል ማለት እንደሆነ አታውቅም?”

“እናንተ ሁልጊዜ ና አረፍ በል ትሉኛላችሁ” አለኝ። “ሞትኩ እንዴ?”

ሰዉ መሳቅ ጀመረ፤ ደመላሽ ግን አልሳቀም። ጆንያዎቹን ነው የሚያየው። የአንዱን አፍ ፈትቶ አሸተተ።

“ይሄ የመቼ ነው?”

“የትናንት።”

“አይሱዙው አልመጣም?”

“መጥቶ ነበር። መለስነው” አሉ እትዬ አመለወርቅ፣ የተቆጡ ይመስል። “አንተን ቀብረን ሳንመለስ ለሌላ ሰው ልንጭን ኖሯል? የሁሉም ደጅ እንዲሁ ነው።”

ደመላሽ ከእንሰቱ ሥር፣ ሊያለቅሱለት ከመጡት ሰዎች መሐል፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። “አሳደራችሁት” አለ፤ “ለእኔ ብላችሁ አሳደራችሁት” እያለ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። በራሱ ለቅሶ ላይ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ስለለፋሁበት ቬንትሌተር አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም።

እትዬ አመለወርቅ ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱ።

“በቃ ተነስ” አሉት። “ጀንፈልም ቢሆን ጫኚ ይፈልጋል። ሁለተኛ ደግሞ ዝም ብለህ እንዳትመጣብን፤ ከታች ጀምረህ ጥሩምባህን ንፋ።”

“እሺ” አለ። አልሰሙትም፤ ቀስ ብሎ ነበር ያለው።