ያልበየድኩት የቱቦ ጎን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዘለልኩት።

ካይሮ ውስጥ በያጅ ነኝ። የአሠሪዬ የኡስታ ሐሳን ጋራዥ የውድድር መኪና ያዘጋጃል። ዩሱፍ እዚሁ ከተማ፣ ዶቂ ሰፈር ተወልዶ ያደገ የኢትዮጵያውያን ልጅ ነው፤ አንድ ቀን ያረጀች ስፖርት መኪና ይዞ መጣ። ሻንሲዋ ልል ስለነበር ኩርባ ላይ ትጠማዘዛለች። ውስጧን በብረት ቱቦ ማጠር ያስፈልግ ነበር፤ ቱቦው ሻንሲውን ያጠነክራል፣ ብትገለበጥም ጣራውን ደግፎ ይይዛል። ኡስታ ሐሳን ራሱ ሊሠራው ነበር። ዩሱፍ ግን ያገሬ ልጅ እያለ ሌላ ሰው አይነካትም አለ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ጣራው ሥር ያለው መጋጠሚያ ዙሪያውን መበየድ አለበት። የላይኛው ጎኑ ከጣራው ስለሚጠጋ ግን እጅ አያስገባም። ስለዚህ ወለሉ ተበስቶ ቱቦው ዝቅ ይደረጋል፣ ላዩ ይበየዳል፣ ከዚያ ወደ ላይ ተነሥቶ እግሩ መጨረሻ ላይ ከወለሉ ጋር ይበየዳል። እኔ እግሩን አስቀደምኩ። ሥራውን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አይደለም። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ሲያሞግሰኝ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ቆርጬ እንደገና መጀመር እችል ነበር፤ ያኔ ግን ተሳሳትኩ ማለት ሊኖርብኝ ነው። ያልተበየደውን ጎን በስቱኮ ደፈንኩት። እኔ ደፈንኩት፣ እኔው ቀለም ቀባሁት።

ኡስታ ሐሳን ሥራውን ሊፈትሽ ሲመጣ ዩሱፍ ማሌሽ፣ ግድ የለም ብሎ መለሰው፤ ያገሩን ልጅ ማስፈተሽ ነውር መሰለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ የራስህን ልጅ ታስቀምጥባታለህ?»

«አስቀምጣለሁ» አልኩት።

የመጀመሪያው ውድድር ላይ ተገለበጠች። መጋጠሚያው ተላቀቀ፣ ጣራው በአንድ ወገን ገባና የዩሱፍን ቀኝ ክንድ ጨፈለቀው። ሐኪሞቹ ክንዱን ሊያተርፉለት አልቻሉም፤ ቆረጡት። የመኪናዋን ስብርባሪ ማንም ልብ ብሎ ሳያየው ቆራርጬ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ የሰጠሁትም እኔ ነኝ።

ሆስፒታል ስሄድ እናቱ እትዬ ዘይነባ እያለቀሱ ተቀበሉኝ። «ያ ቱቦ ባይኖር ልጄን ቀብሬው ነበር። እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ያን ጊዜ መናገር አልነበረብኝም? ነበረብኝ። አሜን አልኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የተቆረጠው ክንድ የእናንተ አይደለም፤ ባለቤቱን ደግሞ ገና አልጠየቅኩትም።

አሁን እህቱ ልትወዳደር ነው። ዩሱፍ ባለፈው ሳምንት የእሷን መኪና ይዞ መጣና ካንተ በቀር ማንም እንዲሠራት አልፈልግም አለኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ኡስታ ሐሳን ይሥራት አልኩት። በጣም አዘነልኝ። ዓይን ሐኪም ቀጠሮ አስይዞልኛል፤ ነገ ራሱ መጥቶ ይወስደኛል። ዓይኔ ምንም አልሆነም።