የሚወጋ ብርድ ልብስ እንዴት እንደሸጥሁ

መሸጥ እንደምችል ተጠራጥሬ አላውቅም። ሱቄ ደባርቅ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ከተራራው የሚወርዱ ቱሪስቶች ወደ ጎንደር የሚወስዳቸውን መኪና ሲጠብቁ በራፌ ላይ ይቆማሉ። የምሸጠው ከበግ ጠጉር የተሠራ ነገር ብቻ ነው፤ ቆብ፣ ጓንት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ። ጠጉሩን በገበያ ቀን ከደጋው ከሚወርዱ ሴቶች እገዛለሁ። ብርድ ልብሱን የሚሠሩልኝ ዳባት የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ሸማኔ ነበሩ።

ሰው ሱቄ ሲገባ ቶሎ አልናገረውም። ሰላም ብዬው ዝም እላለሁ፤ መጀመሪያ ይንካ። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ቆየት ሲል አንዱን አወርድና ትከሻው ላይ ጣል አደርግለታለሁ። አንዴ ትከሻው ላይ ካረፈ በኋላ አውልቆ የሚመልስልኝ ጥቂት ነው። ይህንን ማንም አላስተማረኝም፤ ከመቆም ብዛት የመጣ ነው።

ክረምት ሲገባ ግን የምቆመው ለጉሙ ነበር። መንገዱ ይጨቀያል፣ ቱሪስቱ ይጠፋል፣ የሠራነው ሁሉ መደርደሪያ ላይ እንደተጣጠፈ መስከረምን ይጠብቃል። በዚያ ሰሞን ታናሽ እህቴ ጎንደር የኮምፒውተር ትምህርቷን ልትጨርስ ደርሳ ነበር። አንድ ቀን ለእረፍት መጥታ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ መንገዱን ስታይ ቆየችና፣

«እትዬ፣ ኢንተርኔት ላይ ሱቅ ልክፈትልሽ። እዚያ ዝናብ የለም» አለችኝ።

ከፈተችልኝ። ሥራውን ስታሳየኝ ኩራቷ ከፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። መጀመሪያ የሚመጣው የተራራው ፎቶ ነው፤ ገደሉ፣ ጉሙ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው። ከዚያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም የተራራው ታሪክ አለ። ብርድ ልብሶቹ ከታች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር «ግዛ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ቁልፉን የነካ ሰው የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠየቃል። ያን ጊዜ እንኳን እኔ፣ የማውቀው ሰው ሁሉ በኢንተርኔት የሚከፍልበት ካርድ አልነበረውም።

ጎብኚ ግን ጎረፈ። እህቴ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር እያስጠጋች ሰዎቹ ከየት እንደገቡ ታሳየኛለች፤ ከአዲስ አበባ፣ ከመቀሌ፣ ከናይሮቢ፣ ከጀርመን።

«ዛሬ ስንት ሰው እንደገባ እይ!»

«ስንቱ ገዛ?»

«ገና ነው።»

ክረምቱ በሙሉ «ገና ነው» እንዳለች አለቀ። እኔ ከማዘን ይልቅ ተናደድሁ። ሰው ሱቄ ገብቶ፣ ሰላም የሚለው አጥቶ ወጥቶ ይሄዳል ማለት ነው። በራፌ ላይ የቆመ መንገደኛ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

«ከገቡ በኋላ ምንድን ነው የሚያደርጉት?» ብዬ ጠየቅኋት።

ገጹን ከፍታ አስረዳችኝ። ተራራውን አየት ያደርጉታል፤ ታሪኩን የሚያነብ የለም፤ ወደ ብርድ ልብሱ ይወርዱና ፎቶውን ያተልቁታል። እዚያ ይቆያሉ። ከዚያ ይወጣሉ።

«የሚቆዩት ብርድ ልብሱ ላይ ነው?»

«አዎ፣ ከሁሉም የበለጠ እዚያ ነው።»

ይህን ስሰማ ልቤ ሞላ። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነው ማለት ነው። የሚጠይቁት ነገር አላቸው፤ የሚመልስላቸው ግን የለም። ስልክ ቁጥሬን ከሁሉም በላይ፣ ከተራራውም በላይ፣ በአማርኛ እንድትጽፈው ነገርኋት፤ «የሚጠይቁት ካለ ይደውሉልኝ፤ ሱቅ ውስጥ ነኝ» በይ አልኋት።

«እንዲህ ያለ ነገር ዌብሳይት ላይ አይጻፍም እኮ።»

«ሱቁ የማን ነው?»

ሳቀችና ጻፈችው።

መጀመሪያ የደወለችልኝ ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት ነበረች። ድምፅዋ ቀስ ያለ፣ የደከማት ዓይነት ነው። ሰላምታ ተለዋውጠን ስናበቃ የጠየቀችኝ ስለ ዋጋው አልነበረም።

«ይወጋል?» አለችኝ።

ሸማኔው የሠሩትን ሊያስረክቡ መጥተው ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ እህቴም ነበረች። ሁለቱም ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«አዎ፣ ይወጋል» አልኋት። «የበግ ጠጉር ነው፤ ገላ ላይ በቀጥታ ከለበሱት ይወጋል። ከሥሩ አንሶላ ሲያደርጉበት ግን አይሰማዎትም። ከባድም ነው፤ ተሸክመው ከክፍል ክፍል የሚዞሩበት አይደለም።»

ከዚያ አመሰገነችኝና ስልኩ ተዘጋ።

«አንች ልጅ፣» አሉኝ ሸማኔው፣ «ይወጋል ብለሽ ነገርሻት?»

«ታዲያ አይወጋም ወይ፣ ጋሼ?»

«ይወጋል እንጂ! እኔ ስሠራው እጄን ይበላኛል። ቢሆንም ለገዥ እንዲህ አይባልም።»

እህቴም ከእሳቸው ጋር መስማማቷ ያስታውቅ ነበር። እኔ አልደነገጥሁም። ሱቅ ውስጥ ብትሆን ኖሮ እጇ ይነግራት የነበረውን ነው የነገርኋት።

ሴትዮዋ መልሳ ደወለች። እናቷ ከገጠር መጥተው አብረዋት መኖር ከጀመሩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር እንደሌላቸው ነገረችኝ። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ደራርባላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን «ምንም ያልለበስሁ ይመስለኛል» እያሉ ይነሣሉ። «ከባድ ነው ስትይኝ፣» አለች፣ አሁን አንች ማለት ጀምራለች፣ «እሱን ነው የምፈልገው ብዬ አሰብሁ። ግን ሳላየው እንዴት ብዬ ልክፈልሽ? አላውቅሽም።»

ልክ ናት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልከፍልም። የባለቤቴ አክስት አዲስ አበባ ፒያሳ ልብስ ትሰፋለች። እሷ ዘንድ በአውቶቡስ እንደምልከው፣ ሄዳ በእጇ አገላብጣ ከወደደችው እዚያው እንድትከፍል፣ ካልወደደችው ትታው እንድትሄድ ለሴትዮዋ ነገርኋት። አክስቲቱ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሴትዮዋ እናቷን ይዛ ሄደች። አሮጊቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፤ ከዚያ በኋላ አክስቲቱ ልጠቅልልላችሁ ብትል እንኳን አልሰጥም አሏት።

ከሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ እናትየው ራሳቸው ነበሩ።

«ልጄ፣ ከበደኝና ተኛሁ» አሉኝ። «እግዚአብሔር ያክብርሽ።»

ያን ቀን ማንም ሰው ቢገባ ባይገባ ግድ አልነበረኝም። በሩን ከፍቼ መንገዱን እያየሁ ለብቻዬ ስስቅ ዋልሁ።

ወዲያው እህቴን አስቀመጥሁና ገጹን እንደ አዲስ አሠራኋት። ተራራውን ወደ ታች አወረድነው። እሷን ራሷን አልጋ ላይ አስተኝተን፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስበን ፎቶ አነሣናት፤ ስፋቱ ያለ ቁጥር ይታያል። ከአጠገቡ የሚጻፈውን እኔ ተናገርሁ፤ ይወጋል፣ ከሥሩ አንሶላ ያድርጉ። ከባድ ነው። መጀመሪያ ላይ በግ በግ ይሸታል፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይለቀዋል። አዲስ አበባ ፒያሳ ሄደው ነክተው ይግዙ።

«ማን ነው የራሱን ዕቃ እየነቀፈ የሚሸጥ?» አለች እህቴ፤ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታ።

«እየነቀፍሁ አይደለም። በእጃቸው የሚያውቁትን በቃል እየነገርኋቸው ነው። ጻፊው።»

ሰው መደወል ጀመረ። ሁሉም አልገዛም። ግን የሚጠይቁት ነገር ተመሳሳይ ሆነብኝ፤ እንዴት ይታጠባል፣ ብል ይበላዋል ወይ፣ ለሁለት ሰው ይበቃል ወይ። አንድ ጥያቄ ሲደጋገም መልሱን ገጹ ላይ እናስገባዋለን። እንዲህ እያልን ሳለ፣ ሳይደውል በቀጥታ ፒያሳ ሄዶ የሚገዛ ሰው መጣ።

አንድ ጊዜ ስተን ነበር። ጥቁር ብሎ ያዘዘ መምህር፣ ያየው ብርድ ልብስ ቡናማ ሆኖበት አክስቲቱ ዘንድ ጥሎት ሄደ። ሸማኔው ተቆጡ፤ «ይኸ ጥቁር ካልሆነ ጥቁር በግ የለም» አሉ። ነገሩ ሲጣራ ጥፋቱ የፎቶው ነበር፤ ጉም በወረደበት ቀን ስላነሣነው አጥቁሮ አሳይቶታል። ፀሐይ የወጣ ዕለት ሁሉንም በራፌ ላይ ዘርግተን እንደገና አነሣን። መንገደኛው ሁሉ ምን ተገኘ እያለ ሲቆም ሁለቱን እዚያው ሸጥሁ።

ከዚያ ኢንተርኔቱ የተቋረጠበት ጊዜ መጣ። እህቴ አለቀልን ብላ ተቀመጠች። ስልኬ ግን መጮኹን አልተወም። አንዱ የገዛ ለጎረቤቱ ቁጥሬን ሰጥቶ፣ ጎረቤቱ ለእህቱ፤ ገጹን አይተውት የማያውቁ ሰዎች «አንሶላ ከሥር ይደረጋል አይደል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሸማኔው ሁለት ሰው ጨምረው እየሠሩ ነበር፤ ከደጋው የሚወርዱት ሴቶችም ጠጉሩን ገበያ ከማውጣታቸው በፊት ሱቄ ማምጣት ለምደዋል። ክረምት ከበጋ የበለጠ የምሸጥበት ወቅት ሆነ፤ አዲስ አበባም ሲዘንብ ይበርዳታል።

እህቴ ተመርቃ ዌብሳይት መሥራትን ሥራዋ አደረገችው። ባለጉዳዮቿን አንዳንዴ ወደ እኔ ትልካቸዋለች። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬ ላይ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ያለው አንድ ሰው በእሷ ተልኮ መጣ። ገጹን የሚያየው ብዙ ነው፣ አልጋ የሚይዘው ግን የለም አለኝ። ሻይ አስመጣሁለት።

«እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ምንድን ነው?»

«ሙቅ ውኃ አለ ወይ ነው የሚሉት።»

«አለ?»

አንገቱን አከከ። «ማታ ማታ አለ። ጠዋት የለም።»

«ገጽህ ላይ ምን ብለህ ጻፍህ?»

«ስለ መልክዓ ምድሩ ነው የጻፍነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እንዴት እንደምታምር።»

«ሙቅ ውኃ ማታ አለ፣ ጠዋት የለም ብለህ ጻፍ» አልሁት። «ከላይ፣ ከፀሐይዋ በፊት።»

ሻዩን ጨለጠ። ከዚያ ስልኩን አወጣና፣ እዚያው ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ፣ ለእህቴ ደወለላት።