ከሞጣ የመጣው ስቲከር

ስቲከር ላይ ልክ የለኝም። ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ ግን የሚያብረቀርቅ ቢራቢሮ ከወረቀቱ ሲላጥ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ሆዴን ይኮረኩረኛል። ቢቸና ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ስለማስተምር ሰበብ አላጣሁም። ባለሱቁ በጥርጣሬ ሲያየኝ «ለልጆቹ ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ለልጆቹ የምሰጠው ደብዛዛ ደብዛዛውን ነው፤ የሚያምረውን እደብቀዋለሁ። በእኔ ክፍል ጎበዝ የሆነ ልጅ አረንጓዴ ኮከብ ያገኛል። ወርቃማ ኮከብ እንዳለኝ የሚያውቅ ተማሪ የለም።

የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት፤ አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖርን። ስትመጣ ቢቸና ብርድ እንዳለው የነገራት ሰው አልነበረምና በነጠላ ጫማና በስስ ሹራብ ነበር ከመኪና የወረደችው። የግቢያችን ባለቤት፣ እማማ የምንላቸው፣ ገና ሻንጣዋን ሳታስገባ የራሳቸውን ጋቢ አልብሰው «ልጀ፣ ምን ሁነሽ ነው እንዲህ ራቁትሽን የመጣሽ?» አሏት። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ገብተው ቀርተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ልጃቸው ሆነች። እኔም ልጃቸው ነኝ፣ ግን የእንጀራ ልጅ ዓይነት። ጥሩ ጥሩው ሥጋ የሚወጣው ለእሷ ነበር።

ዘንድሮ የዝውውር ደብዳቤዋ መጣ። እናቷ ስላረጁ በየዓመቱ ስታመለክት ኖራ ነበር፤ ለእማማ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነገረቻቸው። እማማ ያን ዕለት አኮረፉ። ኩርፊያቸው ደግሞ እንደ ሰው ኩርፊያ አይደለም። እሷ ፊት ለፊታቸው ቆማ ሳለ ወደ እኔ ዞረው «ለዚያች ለመንገደኛዋ ንገሪያት፣ ውኃ መጥቷል» ይሉኛል። እኔም ዞር ብዬ «ውኃ መጥቷል» እላታለሁ። እሷ «እሺ በያቸው» ትለኛለች። እኔ «እሺ ብላለች» እላለሁ። ሦስታችንም አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ ቆመን ነው። ሲመሽ ግን ክፍላችን ገብታ ስታለቅስ አያታለሁ፤ «ሳይመርቁኝ ልሄድ ነው» ትላለች። እኔም ያንን አላይም ብዬ ማልሁ።

እና ምን አደረግሁ? አልበም ልሠራላት ተነሣሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንጨርስ ኦቶግራፍ የምናስሞላበት ደብተር ነበረን አይደል? እንደሱ ያለ፣ ግን መቶ እጥፍ ያማረ! አራቱን ዓመት በሙሉ ሰብስቤ እለጥፋለሁ፣ የእማማንም ፎቶ አስገባለሁ፣ እማማ አልበሙን ሲያዩ ልባቸው ይራራል፣ ዕርቅ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ያወጣሁት ዕቅድ ነው። ጠዋት ስነሣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ነበርኩ።

ከዚያ ጥቁር ደረቅ ሽፋን ያለው፣ ጀርባው ቀይ ጨርቅ የሆነ ትልቅ መዝገብ ገዛሁ። ስቲከር ስጠይቅ ግን ባለሱቁ ኳስ ተጫዋቾችን ብቻ አወጣልኝ። አንድ አዋላጅ ነርስ በመዝገቧ ላይ አሥራ አንድ ወንድ ምን ያደርግላታል? ወደ ባጃጅ አስጊያጩ ሄድኩ። እሱ ጋ የነብር ዓይን አለ፣ እሳት የሚተፋ ጎማ አለ፣ «ምቀኛ አይጥፋ» የሚል አለ። ነብሩን ወሰድኩ። በኋላ ከእሷ ፎቶ በታች ለጥፌ «ማታ ተረኛ ስትሆን» ብዬ ጻፍኩበት።

ማጣበቂያው ሌላ ጣጣ ሆነ። መደብሩ ውስጥ ያለው ሙጫ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ከጫማ ሰፊው ማስቲሽ ለመንኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ቀብቼ ስጨርስ ማስቲሹ ወረቀቱን አልፎ፣ ሁለተኛውን አልፎ፣ ሦስተኛውን ይዞታል። ትምህርት ቤት ክፍሌን ዘግቼ ስሠራ ስለነበር ሽታው ናላዬን አዙሮት ለብቻዬ ስስቅ የጽዳት ሠራተኛዋ በመስኮት አይታኝ አማትባ ሄደች። ከዚያ በኋላ ወደ ዱቄት ሙጫ ተመለስኩ፤ ዱቄት በውኃ በጥብጦ እሳት ላይ ማማሰል ነው፣ ማንም ልጅ ያውቀዋል።

መሐል ላይ ባለው ቅዳሜና እሑድ ወላጆቼ ጋ ሞጣ ሄድኩ። «ናፈቃችሁኝ» አልኳቸው። ቦርሳዬን አስቀምጬ አሥር ደቂቃ ሳልቆይ ገበያ ወጣሁ፤ እናቴ እስካሁን ታነሣብኛለች። ሞጣ የልደትና የሠርግ ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ሴት ሱቅ ከፍታለች ብለውኝ ነበር። ገብቼ ዓይን አዋጅ ሆነብኝ! ባለ ብልጭልጭ አበባ፣ የሕፃን ጡጦ፣ የሕፃን ጫማ፣ ባለ ክንፍ ልብ፣ በጥቅልል የሚሸጥ ሮዝ ሪባን፣ ጠርዙን እንደ ጥልፍ የሚቆርጥ መቀስ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። ሴትዮዋ «ልደት የማን ነው?» ብትለኝ «የሁሉም» አልኳት። ደግሞም ያረፍኩ መሰላችሁ? ወደ ቤት ስመለስ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ንዋያተ ቅድሳት ከሚሸጡበት ሱቅ መስታወት ላይ አየኋት፤ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ዙሪያዋ ወርቅ፣ መዳፍ የምታህል ስቲከር። አዋላጅ ነርስ ናት፤ እናትና ልጅ! ከዚህ የበለጠ ለሽፋን የሚሆን ምን አለ? ገዛኋት።

ሰኞ ለት ትልቁን ሥራ ሠራን። እሷ መጀመሪያ ያዋለደቻቸው ሕፃናት አራት ዓመት ሞልቷቸው እኔ ክፍል ገብተዋል፤ አሥራ ሰባት ናቸው። ወላጆቻቸውን አስፈቅጄ ከጽሕፈት ቤቱ የማኅተም ቀለም ተበደርኩና በየተራ እጃቸውን መዝገቡ ላይ አሳተምኳቸው። አሥራ ሰባት ወይን ጠጅ እጅ! ገጹ ላይ ያረፈው አሥራ ሰባት ነው፤ ግድግዳው ላይ ያረፈውን አልቆጠርኩም። ርዕሰ መምህሩ «ምንድን ነው ጫጫታው?» ብለው ሲገቡ አንዷ ሮጣ እግራቸውን አቀፈች፣ ሱሪያቸው ነጭ ነበር። ከእያንዳንዱ እጅ አጠገብ የሕፃን ጫማ ስቲከር ለጠፍኩ። ደስታ አሰክሮኝ ለአሥራ ሰባቱም ከደበቅኩት ቢራቢሮ አደልኳቸው፤ ወርቃማውን ኮከብ ግን አልነካሁም፣ አንድ ብቻ ቀርታኝ ነበር።

ረቡዕ ሁሉም አለቀ፤ ሽፋኑ ብቻ ቀረ። እመቤታችንን ከጀርባዋ ልጬ፣ መሐሉን ለክቼ፣ በመዳፌ ጠበቅ አድርጌ ለጠፍኳት። ቀና ስል የሌላው ክፍል መምህርት ከጀርባዬ ቆማለች።

«ውይ ሲያምር! ለማን ነው?»

«ለጓደኛዬ ነዋ።»

«እሷ ጴንጤ አይደለችም እንዴ?»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም። አራት ዓመት! እሑድ እሑድ እሷ ወደ ጸሎት ቤቷ፣ እኔና እማማ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ስንሄድ በር ላይ እየተሳሳቅን የምንለያይ ሰዎች ነን። በጾም ጊዜ እሷ ሥጋ ግቢ ውስጥ አታስገባም፤ እማማም በእሷ ፊት ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አይናገሩም። እንዲህ ተከባብረን ኖረን ኖረን እኔ በስቲከር ፍቅር ታውሬ ለመሰነባበቻ ሥዕል ለጥፌ ልሰጣት! በጥፍሬ ጠርዙን ነካ አደረግሁና እጄን መለስኩት። የእመቤቴን ሥዕል በጥፍሬ ልፍቅ? ቢራቢሮ ልለጥፍባት? ሽፋኑን ገንጥዬ ልጣል? የት ነው የሚጣለውስ? መዝገቡን እንዳልለውጥ አሥራ ሰባቱ እጆች ውስጥ ናቸው።

ሐሙስ ከሰዓት ምንም መላ ሳጣ ወደ እማማ ወሰድኩት። በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። አልበሙን ቀደም ሲል አሳይቻቸው ነበር፤ ያኔ ፎቶ ላነሣቸው ስልኬን ባወጣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው «ለሚሄድ ሰው ፎቶ ምን ይሠራለታል?» ብለውኛል። አሁንም «ውሰጅው ወዲያ» ሊሉ እጃቸውን ሲያነሡ ሥዕሏን አዩ። ሰፌዱን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ሦስት ጊዜ ተሳለሙ።

«እማማ፣ ተሳስቼ ነው» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። መላጥም መተውም እንደማልችል፣ ቅዳሜ ጠዋት እንደምትሄድ።

«ማን ናት የምትሄደው?» አሉኝ።

«እማማ በሞቴ!»

«ስጭኝ። ሥዕሏ ያለችበት ነገር እንዲህ አይንገላታም።» ይዘውት ገቡ፤ በሩንም ዘጉ።

አርብ ጠዋት ብጠይቅ «ቆይ»። አርብ ማታ ብጠይቅ «ምን ያጣድፍሻል?»። ደሜ ፈላ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣቴ እስኪላጥ የሠራሁት አልበም ታገተ! በእሷ አኩርፈው የእኔን ልፋት ይዘው ቁጭ። በልቤ ያላልኩት ነገር የለም፤ አሁን ለመጻፍ አፍራለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ሻንጣዋን አውጥተን የእማማን በር ስናንኳኳ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ወጥተዋል። እሷ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ «ከልባቸው ጠሉኝ» አለች። ሻንጣዋን ይዘን መናኸሪያ ሄድን። አልበም እንዳለ እንኳ አልነገርኳት፤ ምን ብዬ?

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። እሷ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች፣ እኔ ከታች ቆሜ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ይዣታለሁ። ያን ጊዜ አንድ ባጃጅ እየተንገጫገጨ መናኸሪያው ውስጥ ገባ። ከውስጡ እማማ ወጡ። ከኪዳን መምጣታቸው ነው፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈዋል።

«አንች! ነይ ውረጅ!» አሉ። ለእሷ ነው፤ በቀጥታ ለእሷ!

እንዴት እንደወረደች አላውቅም፤ ሾፌሩም ጠበቀ። እማማ ጨርቁን ፈቱ። በሽፋኑ ላይ፣ ከሥዕሏ በላይ፣ ከነጠላ ጥለት የተቆረጠች ትንሽ መጋረጃ በቀይ ክር ተሰፍታለች። ደብረ ወርቅ የቄስ ልጅ ሆነው ነው ያደጉት፤ በድሮ የብራና መጻሕፍት ሥዕል እንዲህ በመጋረጃ ተሸፍኖ እንደሚቀመጥ ከአባታቸው ያዩትን ነው የሠሩት።

«ይኸች ተሳስታ ለጥፋብሻለች» አሉ በእኔ ላይ አገጫቸውን እየቀሰሩ። «መላጥ አይሆንም። ስትፈልጊ ትገልጫታለሽ፤ ባትፈልጊም ግድ የለም፣ ተሸፍና ትጠብቅሻለች። ልጀ፣ እናትሽን ጡሪ። እግዜር በሄድሽበት ይከተልሽ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናኸሪያው ሁሉ አይቷል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሦስታችንም አንገት ለአንገት ተያይዘን አለቀስን፣ መሐል ላይ ደግሞ አሥራ ሰባቱን ወይን ጠጅ እጆች አገላብጣ ስታይ ሳቅን፣ ነብሩን ስታይማ እማማ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ያዙ። የመጨረሻውን ገጽ ስትገልጥ ግን መዝገቡን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። እማማ ፎቶ እምቢ ስላሉኝ ባዶ የተውኩት ገጽ ነበር። አሁን ጫፏ የተጣመመ አንዲት ጉርድ ፎቶ አለችበት፤ የተለጠፈችበት ሊጥ ገና አልደረቀም። እማማ ናቸው፣ ቅንድባቸውን ሰብሰብ አድርገው። በፎቶው ጥግ ላይ ግማሽ ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለ።

«እማማ፣ ይኸ የቀበሌ መታወቂያዎ ፎቶ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ሌላ ፎቶ አለኝ? በጀበና እንፋሎት ላላ አድርጌ ላጥሁት።»

ቦርሳዬን ፈትቼ የመጨረሻዋን ወርቃማ ኮከብ አወጣሁና ከፎቷቸው አጠገብ ለጠፍኳት። እማማ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይኸስ ምንድን ነው?»

«ለጎበዝ ተማሪ የሚሰጥ ነው።»

«እኔ መች ተማርሁ ብለሽ» አሉኝ፤ ግን ዓይናቸውን ከኮከቧ አላነሡም።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ እማማን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው መታወቂያውን ተቀብሎ ገለጠ፣ አገላበጠ፣ እንደገና ገለጠ። ስማቸው አለ፣ ዕድሜያቸው አለ፣ ግማሽ ማኅተም አለ፤ ፊት ግን የለም። «እማማ፣ ፎቶዎ የት ሄደ?» አላቸው።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀና ብለው «ሐዋሳ» አሉት።