ጀውሃ መንገድ ላይ የቀለጠ በረዶ

ባለፈው ሰሞን ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ሽንኩርት የሚጭን አይሱዙ እየጠበቅን አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ገና በጠዋቱ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ የሮቢት ሙቀት ሰው ቁርሱን እስኪጨርስ አይታገስም። ድምፅ ማጉያ የጫነች ባጃጅ አለፈች። ኩፍኝ በቆላው ቀበሌዎች ገብቷል፣ ልጆቻችሁን አስከትቡ ትላለች። ባጃጇ ገና ሳትርቅ የጎረቤቴ ልጅ ጀማል ስልኩን አወጣ። ጀማል የልጆች አባት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ጋሼ ሰይድ፣ ይሄን ይስሙማ» አለኝ። «በሽታውን የሚያመጣው ክትባቱ ራሱ ነው ይላል። ልጅ ታሞ በራሱ ሲድን ነው አሉ ደሙ የሚጠነክረው። ድሮ እናንተን ማን ከተባችሁ? ይኸው እንደ ግንድ ጠንክረው ተቀምጠዋል!»

በረንዳው ሙሉ ሳቀ። እኔ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። ብርጭቆው ተገለበጠና ሻዩ የጀማል ሱሪ ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ ምን ነካዎት? ያነበብሁትን እኮ ነው የነገርሁዎት!»

«እኔም ማንበብ እችላለሁ» አልሁት። «አንተ የምታየው የተቀመጥነውን ነው። የተቀበሩትን ማን ይይልህ?»

ተነሥቼ ሄድሁ። ሽንኩርቱን ሌላ ሰው ይጫነው ብዬ። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ ሚስት አግብቼ፣ ማታ ማታ ልጆቼ ከሚሆኑት ጋር በአንድ አግዳሚ ተጋፍቼ ነው፤ አጻጻፌ ቢሻክር ቻሉኝ። ለጀማል በቃል ያልነገርሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ። በቃል ስናገር እጄ ይቀድመኛል።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ወላጆቼ ሞተው እህቴ ዘሀራ ቤት ነበርሁ፤ ከጀውሃ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ካለ መንደር። ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነው፤ ጉልበቴን ከበሬ ጋር የምለካ ጎረምሳ። የዘሀራ ባል ከድር ረጅም፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ቁጣው ግን እንደ ጭድ እሳት ቦግ የሚል ሰው ነበር። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትልቁ ኡመር ጥጃ ማገድ የጀመረ ነው፤ ታናሿ ሉባባ ገና የምትጠባ።

መጋቢት ነው። ማሽላው ከታጨደ ቆይቷል፣ ምድሩ ተሰነጣጥቋል፣ ወንዙ እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኖ ቀርቷል። የሮቃው ፍሬ ደርሶ ልጆች ከዛፉ ሥር ቅርፊቱን እየፈለፈሉ ጎምዛዛውን ይመጥጣሉ። ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ማየት ራሱ ምራቅ ያስውጣል። ኩፍኝ የገባው በዚያ ወቅት ነው። በጋውን ይወድ ነበር፤ ሰው ሥራ ፈትቶ ከቤት ቤት በሚዞርበት ጊዜ አብሮ ይዞራል።

በእኛ ዘንድ ኩፍኝ የገባበት ቤት ሕግ ነበረው። በሩ ይዘጋል፤ በርበሬ አይታመስም፤ ሽንኩርት አይቁላላም፤ ከመንገድ የመጣ ሰው ደጅ ተቀምጦ ላቡን ሳያደርቅ አይገባም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የታመመውን ልጅ መርፌ አይነካውም። ኩፍኝ ቆዳ ላይ ፈክቶ መውጣት አለበት፤ መርፌ ከነካው ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ወደ ውስጥ የተመለሰ ደግሞ ይገድላል፤ የሚባለው እንዲህ ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። እኔም አልተጠራጠርሁም።

ከታቢው የመጣው እንግዲህ እንዲህ ያለ መንደር ነው። ጥላሁን ይባላል፤ ከደጋ የወረደ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠችው ወጣት። በረዶ የያዘ ሰማያዊ ሳጥን በትከሻው አንግቷል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጥሩምባ አስነፍቶ እናቶችን ከነልጆቻቸው ሮቃው ሥር አሰለፈ። ያስረዳ ሰው የለም። መርፌው ለምን እንደሆነ፣ በሽታው አስቀድሞ የገባበትን ልጅ እንደማያድን፣ አንድም ሰው አፉን ከፍቶ አልተናገረም። ጥላሁንን የላኩትን ሰዎች በዚህ እስከ ዛሬ አልምራቸውም። መርፌውን ላኩ፤ ቃሉን ደጋ ላይ ትተውት።

ኡመር ተወጋ። ሉባባን ጥላሁን ጉንጯን ነካ አድርጎ፣ «ይቺ ገና ናት። ስትዳህ፣ በሚቀጥለው ዙር» ብሎ አለፋት።

ውሎ ሳያድር የኡመር ፊት ላይ ኩፍኙ ፈካ። የሌሎችም ልጆች እንዲሁ። ከዚያ ደረታቸው ማንኮራፋት ጀመረ፤ እስትንፋሳቸው ከደጅ ይሰማል። በየቤቱ የሚባለው አንድ ነገር ነው፦ «መርፌው መለሰው።» ኡመር ሲሞት ከድር መቃብሩን ብቻውን ቆፈረ። ዶማውን ልቀበለው ብጠጋ በዶማው እጀታ ደረቴን ገፍቶ ጣለኝ። ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሌሎች አባቶችም ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመስጊድ ሲወጡ አንድ ላይ ይቆማሉ፤ ሲያወሩ ድምፃቸው አይሰማም።

አንድ ቀን ዘሀራና እኔ ከኩሬው ውኃ እየቀዳን ነው።

«ሰይዶ» አለችኝ፣ «ልጄ የታመመው ከመርፌው በፊት ነው። ዓይኑ ቀልቶ፣ እየሳለ ነው ይዤው የሄድሁት። እኔ ነኝ ያቀፍሁት፤ ገላው እሳት ነበር።»

«ታዲያ ለከድር አትነግሪውም?»

«ነግሬው ነበር።» ሻሿን ገለጥ አደረገች። ጆሮዋ ሥር ጠቁሮ አብጧል። «ልጄን የገደለውን ሰው ትከላከይለታለሽ ወይ ብሎኝ ነው።»

ቅሉን አጥልቃ ሞላችውና ቀና አለች። «ሉባባ መዳህ ጀምራለች» አለች።

ጥላሁን ለሁለተኛው ዙር የሚመጣበት ቀን ተሰማ። ከድርና ልጆች የሞቱባቸው አባቶች ዱላቸውን ይዘው ከመንደሩ መግቢያ ተቀመጡ። ዘሀራ ቀድማ መንገድ ላይ ልትይዘው ቆረጠች፤ ሉባባን በአንቀልባ አዝላ እንጨት ለቀማ መስላ ወጣች። እኔም ተከተልኋት። ያገኘነው መንገዱ ከጀውሃ አውራ ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ቆላው ከሚወርድበት ቦታ፣ ግራሮቹ መሀል ነው።

«ወንድሜ፣ መንደር አትግባ» አለችው ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «እየጠበቁህ ነው። ይቺን ውጋልኝና ተመለስ።»

«እነማን ናቸው የሚጠብቁኝ?»

«ልጆች የሞቱባቸው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። አልሮጠም ግን። ሳጥኑን ግራር ጥላ ሥር አሳርፎ ከፈተው። ያ ቅዝቃዜ ፊቴን ሲነካኝ ትዝ ይለኛል፤ በዚያ ሐሩር፣ በዚያ አቧራ፣ ከሰማያዊ ሳጥን ውስጥ የወጣ የደጋ ጠዋት። ዘሀራ ልጇን ማውረድ ጀምራ ነበር፤ የአንቀልባው ቋጠሮ እጇ ላይ ነው። ያን ጊዜ እነከድር ደረሱ። እኛ ስንወጣ ያየ ሰው ነግሯቸው ኖሯል።

የመጀመሪያው ዱላ ያረፈው የጥላሁን ክንድ ላይ ነው። አጥንቱ ሲሰበር የደረቀ አገዳ ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አወጣ። ሁለተኛው ጀርባው ላይ፤ ከዚያ ወዲያ መቁጠር የለም። ከድር ሳጥኑን በእግሩ መታው። በረዶው አቧራው ላይ ተበተነ፤ ብልቃጦቹን በጎማ ጫማው እየረጋገጠ፣ «ኡመር! ኡመር!» እያለ የልጁን ስም ይጠራል።

ገባሁ መሀላቸው። «ጋሼ ከድር፣ ነፍስ ልታጠፋ ነው!»

«ነፍስ ያጠፋው እሱ ነው! ዞር በል አንተ የሴት ጭራ!»

አንገቱን አነቅሁት። የእህቴን ጆሮ አስቤ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልገድለውም ፈልጌ ነበር። ከኋላ አንዱ ጎተተኝ፤ ከድር ተላቀቀና በዱላው ግራ ጆሮዬን መታኝ። ያ ጆሮ ከዚያ ወዲያ ሰምቶ አያውቅም። ወድቄ ቀና ስል ጥላሁን ራሱን መከለሉን ትቷል፤ እጆቹ አቧራ ላይ ተዘርግተዋል፤ ዱላው ግን አላቆመም።

ዘሀራ ሉባባን እንዳዘለች ጥላሁን ላይ ተደፋች።

ከድር ዱላውን አንሥቶ ነበር። ከዱላው በታች ያለው የሉባባ ጀርባ ነው። ሕፃኗ ሳግ እስኪያንቃት ታለቅሳለች። ዱላው አየር ላይ ቆመ። «ሴትዮዋ አብዳለች» አለ አንዱ፣ ያን ጊዜ ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደ ኋላ አሉ።

ዘሀራ ቀና ብላ አቧራውን በእጇ ዳበሰች። አንድ ያልተሰበረ ብልቃጥ አገኘች። «ይቺ ደኅና ናት። ውጋልኝ።»

ጥላሁን ደም ተፋ። «እህቴ፣ ከበረዶ ወጥታለች። በዚህ ሙቀት አትሠራም።»

«አንተ ውጋት ብቻ!»

«ዳነች ብለሽ ትቀመጫለሽ። አልዋሽሽም። ሮቢት ጤና ጣቢያ ፍሪጅ አለ። አሁኑኑ ሂጂ።»

ከድር ይህን ሰማ። ቢላዋውን መዝዞ የአንቀልባውን ጠፍር ከትከሻዋ ላይ በጠሰና ሉባባን ነጠቃት። «አንቺ የትም ሂጂ!» አለ። «አንዱን ቀብሬያለሁ። ይቺን መርፌ አይነካትም!» ሕፃኗን ደረቱ ላይ አጣብቆ ወደ መንደር ወረደ። ዘሀራ እየጮኸች ተከተለችው። በረዶው እኔ ቆሜ እያየሁት አቧራው ውስጥ ገባ፤ እርጥበት እንኳ አልተረፈም።

ጥላሁንን ደግፌ፣ አንዳንዴም ጎትቼ ጀውሃ አደረስሁት። ከምግብ ቤቶቹ ደጅ የቆሙ ሾፌሮች ደሙን እያዩ ፊታቸውን አዞሩ። በመጨረሻ አንድ የጨው መኪና ረዳት ራርቶ ጭነቱ ላይ አሳፈረው። በሕይወት መትረፉን ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ የሱን ቦታ ይዞ ወደዚያ መንደር የወረደ ሰውም ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ባለመምጣታቸው አልፈርድባቸውም።

እኔ ጆሮዬ መግል እየያዘ ጀውሃ አንድ ዘመድ ቤት ተኛሁ። ከድር ደጁ ላይ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይውላል አሉኝ፤ ዘሀራን ልጅ ይዛ ከግቢ አያስወጣትም። እንደምንም ተነሥቼ ለመሄድ ስዘጋጅ መልእክት መጣ። ሉባባን ኩፍኝ ይዟታል።

እንደ ሕጉ በሩ ተዘጋ፣ መስኮቱ በጨርቅ ተወተፈ። ፈካላት። መርፌ አልነካትምና ወደ ውስጥ አልተመለሰም። አልሞተችም። በሩ ተከፍቶ ፀሐይ ፊቷ ላይ ስታርፍ ግን ሉባባ ዓይኗን አላርገበገበችም። ብሌኖቿ ላይ ነጭ ነገር ወርዶ ደርቆባቸዋል። ዘሀራ ጣቷን ወደ ፊት ወደ ኋላ አደረገችላት፤ ምንም የለም። ከድር ያለውን ግን በቀረው ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያን ዕለት እዚያ ነበርሁ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «መርፌ ስላልነካት ተረፈችልኝ።»

ዛሬም ይህንኑ ይላል። አርጅቷል፤ ዘሀራን ቀብረናታል፤ ሉባባ ትልቅ ሴት ሆና እሱን የምትጦረው እሷ ናት። ሰፈርተኛው የአላህ ሥራ ነው ይላል። አላህን እዚህ ውስጥ አላስገባም። እኔ እዚያ ነበርሁ፤ ዱላው የማን እጅ ላይ እንደነበር፣ ሳጥኑን የማን እግር እንደመታው አይቻለሁ። ጀማል እንደሚለው ከሆነ ሉባባ ታማ በራሷ ድናለች። ኩፍኝ ሁለተኛ አይዛትም፤ ደሟ ጠንክሯል።

አንድ ጊዜ በአባትሽ አትናደጅም ወይ አልኋት። «አጎቴ፣ ልጅ ሞቶበት እኮ ነው፤ ፈርቶ ነው» አለችኝ። መፍራቱን አጥቼው አይደለም። የሚፈራ ሰው ይጠይቃል፤ ከድር ግን ሰው ሰበረ፤ ሰብሮም ልክ ነበርሁ እንዳለ አረጀ። እሷ ይቅር ካለችው መብቷ ነው። እኔ አላልሁትም፤ የምልም አይመስለኝም።

ጀማል ማስረጃ ከፈለገ ቤቷ ሩቅ አይደለም። ልጆቹን ይዞ ሄዶ ይጠይቃት። በሩን ራሷ ትከፍትለታለች፤ መቀርቀሪያው የት እንዳለ እጇ ያውቃል።