ዋስ ፍለጋ በመካነ ሰላም

ሚሊኒየሙን ባከበርን ማግስት ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ጉጉት እንደ ጉንፋን ይተላለፍ ነበር። በመካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህራን ክበብ ሻይ የምንጠጣ ሁሉ ወሬያችን አንድ ነው፤ ማን ከፍሎ ያስተምረናል? በግል ከፍሎ መማር በእኛ ደመወዝ አይታሰብም። የውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል አለ ይባላል፤ ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ደሴ ነው። ዓረብ አገር እህት ያላቸው በእህታቸው ላብ ይማራሉ፤ እኔ እህት የለኝም። የቀረው የመንግሥት ስፖንሰር ነው። ወረዳው ደመወዝሽን እየከፈለ ያስተምርሻል፤ ስትመለሺ የተማርሽበትን እጥፍ ታገለግያለሽ። ይህን ያህል ቸርነት ከመንግሥት አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና፣ ስሜ ከተመረጡት ጋር ተለጥፎ ሳየው እንደ ልጅ ዘለልኩ።

ዝላዬ ብዙ አልቆየም። ውሉ ዋስ ይፈልጋል። እኔ ተምሬ ካልተመለስኩ ወጪው ከደመወዙ የሚቆረጥ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ማቅረብ አለብኝ፤ ምዝገባው ሳያልፍ ካላቀረብኩ ዕድሉ ለተጠባባቂ ይሰጣል። እኔ ደግሞ የለጋምቦ ልጅ ነኝ፣ ለመካነ ሰላም ባዳ። ገበሬው አባቴ ነገሩን ሲሰሙ ከአቀስታ ወዲያ ካለው መንደራችን ተነስተው መጡና የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሰው ሀብት ኃላፊ፣ "ጥንድ በሬዎቼን ያዙ፤ በአገሩ የሚስተካከላቸው የለም" አሉት። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፣ አልሳቀም። "አባቴ፣ የሚያዘው የሠራተኛ ደመወዝ ነው" አላቸው። አባቴ መኪና እስኪሳፈሩ ድረስ፣ "ከበሬ በላይ ሠራተኛ ማን አለ?" እያሉ ሲበሳጩ ነበር።

የከተማው ሰው ዋስ መሆንን የሚፈራበት ምክንያት ነበረው። ከእኔ በፊት የተላከው የፊዚክስ መምህር ተምሮ ሲያበቃ ባሕር ተሻግሮ ቀረ። ዋሱ የነበሩት አንጋፋው የሒሳብ መምህራችን ናቸው፤ በየወሩ ከደመወዛቸው ይቆረጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ውሉን ይዤ ወደ ክበብ ስገባ ባልደረቦቼ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ይነሳሉ። ደወል ሳይደወል ክፍል የሚገባ መምህር ያየሁት በዚያ ሰሞን ብቻ ነው። ከግብርና ጽሕፈት ቤት እስከ ማዘጋጃ ቤት ያልለመንኩት ወንድ አልነበረም። ተናደድኩ፤ ንዴቱ ሲያልቅብኝ አለቀስኩ።

ምዝገባው ሊያልፍ ሲል የሒሳብ መምህሩ ከክፍል ስወጣ አስቆሙኝ።

"ዋስ አገኘሽ?"

"አላገኘሁም፣ ጋሼ።"

"እኔ አለሁ አይደል እንዴ! ምነው ሳትጠይቂኝ?"

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። "የእርስዎ ደመወዝ ታስሯል፣ ጋሼ። አንድ ደመወዝ በሁለት ሰው አይታሰርም" አላቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "እዚሁ ጠብቂኝ" ብለውኝ ወጡ።

ሲመለሱ ከባለቤታቸው ጋር ነበሩ። ባለቤታቸው የጤና ጣቢያው ነርስ ናቸው። ነጭ ጋውናቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ባላቸውን በብዙ ቀድመው፣ ተቆጥተው መጡ። ሊጣሉኝ ነው አልኩ በልቤ፤ ቢጣሉኝም አይፈረድባቸውም። የባላቸው ደመወዝ ከታሰረ ወዲህ ቤቱ የሚያድረው በእሳቸው ደመወዝ ነው።

"አንቺ!" አሉኝ ገና ከበሩ። "ከተማውን ስታካልዪ ስትሰነብቺ እኔን ያጣሽኝ የት ሄጄ ነው?"

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"ደመወዝ ያለው ወንድ ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው? ወላሂ፣ ካመለጠው ልጅ ይልቅ አንቺ አናደድሽኝ። ሴት ሆነሽ!"

እውነትም አንዲት ሴት አልጠየቅኩም። ዋስ ሲባል ለአባቴም፣ ለኃላፊውም፣ ለእኔም የሚታየን ካፖርት የደረበ ወንድ ነበር። እሳቸው መልሴን አልጠበቁም። ወደ ኃላፊው ዞረው፣ "የሱ ቢታሰር የኔ ነፃ ነው። የት ላይ ነው የምፈርመው?" አሉና ፈረሙ።

ከቢሮው ስንወጣ ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም። "ያኛው እንደዚያ አድርጓችሁ እኔን እንዴት አመናችሁኝ?" የመለሱልኝ እትዬ ናቸው።

"እኛ የፈረምነው እንዲማር ነው። ተማረ። ልጅ አስተማርን እንላለን። አንቺም አብሽሪ፣ ሂጂና ተማሪ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ሁለቱም "አሚን" አሉ።

አዲስ አበባ ከሌላ መምህርት ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ከወረዳው በሚላክልኝ ደመወዝ ሽሮ እየበላሁ ተማርኩ። ደመወዙ አንዳንዴ ይዘገያል እንጂ ቀርቶ አያውቅም። ቢሮ ማማት እወዳለሁ፤ በዚህ ግን ወረዳውን ከልቤ አመሰግናለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ስለ ውጭ አገር ማውራት ሲጀምሩ እትዬ በቁጣ የገቡበት በር ድቅን ይልብኝ ነበር። ስጨርስ ተመለስኩ። ሞኝ ያለኝ አልጠፋም። ይበል።

ዋስትናው የሚወርደው ግን በመመለሴ ሳይሆን የአገልግሎት ግዴታዬን ስጨርስ ነው። የጨረስኩ ዕለት ከጽሕፈት ቤቱ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ከነፍኩ። እትዬ ሕፃን ከትበው እጃቸውን ይታጠባሉ።

"እትዬ፣ ዋስትናዎ ወረደ! ከዛሬ ጀምሮ ደመወዝዎ ነፃ ነው!"

እልል ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ቧንቧውን ዘጉ፤ እጃቸውን ቀስ ብለው አደራርቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"እንግዲህ ከዚህ አገር የሚይዝሽ የለም በይኛ" አሉ።

ወደ አግዳሚው ቀረብኩ።

"ዋስሽ ሳለሁ ዘመድሽ ነበርኩ። አሁን ምንሽ ልሁን?"

ያን ሁሉ ዓመት ሸክም የሆንኩባቸው ይመስለኝ ነበር። ወድቄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። "ልጅዎ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ?" አልኳቸው። "ተነሺ፣ ሰው ያያል" እያሉ እሳቸውም አለቀሱ።